እናቴን ከኬሞ በፊት በምግብ እንሞክራት የሚል ዘመድ በዛ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

የቀሃ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ጎንደር ነው። እናቴ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ከሰው ደብቃ ቆይታ፣ ብብቷ ሥር ሌላ ሲጨመርበት ነው ለታናሽ እህቴ የነገረቻት። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ካንሰር ነው ተባልን። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋስ የሚገድል መድኃኒት፣ ትወስድና እብጠቱ ሲቀንስ ኦፕራሲዮን ይደረግላታል ብለዋል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም «ሰውን የሚገድለው ካንሰሩ ሳይሆን ኬሞው ነው» ብሎ ቆሟል። ስኳር ካንሰርን ስለሚመግብ ስኳር፣ ሥጋና ወተት ታቁም፤ ጠዋት ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ማታ ማታ የሽፈራው ቅጠል ትጠጣ፤ ሦስት ወር ይታይ ባይ ነው። እንዲህ አድርገን ዳንን የሚሉ ሰዎችን ቪዲዮ ለቤተሰቡ ሁሉ ልኳል። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። እናቴን ያሳደጋት እሱ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የእሱ ቃል ይሰማል።

እኔን ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጾመኛ ናት። ሲጋራ አታውቅም። ጠላ ጠምቃ ለሰው ታቀርባለች እንጂ ራሷ አትቀምስም። ቅዳሜ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የምትሄደው በእግሯ ነው። ካንሰር የአኗኗር በሽታ ከሆነ የእሷ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? «ምን በድዬ ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት አጣሁ። እውነት ምግቡ ቀድሞ ቢሞከር ጉዳት አለው? እህታችሁ ነኝ፣ እንደ ቤተሰብ ምከሩኝ።

ጤናዳም፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። አጎትሽ ያሉት ግን ሁሉም ውሸት አይደለም። ከካንሰር ውስጥ ከመቶ 30 እስከ 50 የሚሆነውን ዛሬ በእጃችን ባለው ዕውቀት መከላከል እንደሚቻል የሚናገረው የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ነው። ትንባሆ፣ አልኮል፣ ውፍረት፣ ቁጭ ብሎ መዋል፣ ጭስ። አልኮልን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከትንባሆ ጋር አንደኛው ምድብ ውስጥ ነው ያስቀመጠው፤ ከሚያመጣቸው ካንሰሮች አንዱም የጡት ነው። እኛ ግን ዛሬ ቢራ ያልቀረበበት ድግስ ድግስ አይመስለንም። አያቶቻችን የወገራ ገብስ፣ የደምቢያ ሽምብራ በልተው ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ነው የሚውሉት። አሁን ፒያሳ ላይ ቆመሽ እዪ፤ ልጁ ሁሉ እጁ ላይ በተደጋገመ ዘይት የተጠበሰ ነገር ነው ያለው፤ ሁለት ማቆሚያ ለመሄድ ባጃጅ ይጠራል።

አብዛኛው የካንሰር ምርምር ገንዘብ የሚፈስሰው የታመመውን ለማከም ነው። ሰው ከመጀመሪያው እንዳይታመም የሚወጣው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ሕክምና ይቅር አላልኩም። ሰውነቷ እንዲበረታ ምግቡ ይቅደም ነው የምለው፤ ኬሞው እንደሆነ የትም አይሄድም።

ነርስ ከማራኪ፦
ጤናዳም ወንድሜ፣ ኬሞው የትም አይሄድም፤ ካንሰሩ ግን ይሄዳል። ከጡት ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ይሄዳል። እህታችን እንደጻፈችው ብብት ደርሷል። ስለዚህ «ሦስት ወር ይታይ» የሚለው ምክር ቀላል አይደለም። እዚህ አገር አብዛኛው ታካሚ እኛ ጋ የሚደርሰው በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ነው። ከቤት ወደ ጠበል፣ ከጠበል ወደ ባህል መድኃኒት፣ ከዚያ ወደ እኛ። በመካከል ያለፈውን ጊዜ የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ምግብ ቀድሞ ቢሞከር ጉዳት አለው ወይ ላልሽው፣ ይህ ጥያቄ ተጠንቷል። አሜሪካ ውስጥ ሊድን በሚችል ደረጃ ላይ እያሉ መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡ 281 ታካሚዎች ሕክምናውን ከወሰዱት ጋር ተነጻጽረው ነበር፤ ጥናቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በጠቅላላው የመሞት ዕድላቸው 2 ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በጡት ካንሰር ብቻውን ሲታይ ከ5 እጥፍ በላይ ነው። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የተማሩና ገቢያቸው ደኅና የሆነ ነበሩ።

ስኳሩን በተመለከተ፦ የካንሰር ሕዋስ ስኳር ይወስዳል፣ እውነት ነው፤ ግን አንጎልም ጡንቻም ይወስዳሉ። ሰው ስኳር ባይበላ ጉበቱ ራሱ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። እብጠቱን ላስርብ ብለሽ የምታስርቢው እናትሽን ነው። ለኬሞ የምትመጣ ሴት ክብደቷ ሲወርድ መድኃኒቱን መቋቋም ያቅታታል፤ ዙሩም ይተላለፋል። እዚህ ላይ ምግብ ትልቅ ቦታ አለው፤ ማብዛትና ማጠናከር እንጂ መከልከል አይደለም።

አሁን «ምን በድዬ ነው?» ወዳለችው ልምጣ፤ እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥ በብዛት የምሰማው ጥያቄ ይኸው ነው። ከመቶ 30 እስከ 50 መከላከል ይቻላል ማለት እኮ የቀረውን፣ ቢያንስ ግማሹን፣ ሰው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ዛሬ ማስቀረት አይቻልም ማለት ነው። ቁጥሩም የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው፤ አንዲትን ሴት ነጥሎ «ያንቺ ከዚህ መጣ» አይልም። ለጡት ካንሰር ዋናዎቹ ምክንያቶች ሴት መሆንና ዕድሜ ናቸው። በዘር የሚተላለፍም አለ። ሕዋስ በየቀኑ ሲከፋፈል የዘር መልእክቱን ሲገለብጥ ይስታል፤ ያ ስሕተት በማንም ሰው ላይ ይደርሳል። እናትሽን እንዲህ በያት፦ ምንም አልበደልሽም። ጾማሽና መራመድሽም ከንቱ አልቀረም፤ ልብሽና ሳንባሽ ደኅና ስለሆኑ ነው ሐኪሙ ሙሉ ሕክምና ሊሰጥሽ የሚችለው።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጪ። የናሙናው ወረቀት ላይ ስለ ሆርሞን ተቀባይ፣ ማለትም ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን ስለሚያሳየው ምርመራ፣ የተጻፈ ነገር አለ? ፖዘቲቭ ከሆነ ከኬሞውና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን ነው፤ በየቀኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል። በዚህ ዓይነት ካንሰር የሚደርሰውን ሞት በሲሶ ያህል የቀነሰ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የታሰበው ለእርግዝና መከላከያ ነበር፤ ለዚያ አልሆነም። ተመራማሪዎች አንጥለውም ብለው ስለቀጠሉ ነው ዛሬ ለእናቶቻችን የደረሰው።

ጤናዳም፦
ነርሷን አከብራለሁ፤ ቁጥሩንም አልክድም። ግን ከዕፅዋት የሚመጣውን ሁሉ «ባህል ነው» ብሎ ማራቅ ልክ አይመስለኝም። ጥቁር አዝሙድና እርድ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋስ እንደሚገድሉ ብዙ ተጽፏል። ሰው ላይ የማይሞከረው አትራፊ ስላልሆነ ነው። ኩባንያ በነጻ የሚበቅል ቅጠል ላይ ገንዘቡን ለምን ያጠፋል?

ፋርማሲ አራዳ፦
በዚህ ላይ ትንሽ ልጻፍ፤ ሙያዬ ስለሆነ።

ገንዘብ የምርምሩን አቅጣጫ ይጎትታል ያልከው እውነት ነው፤ የመድኃኒት ዋጋም እኛን የሚያስለቅስ ነው። ቅጠል አይመረመርም የሚለው ግን አይደለም። ማዳጋስካር የምትበቅል፣ ሮዝና ነጭ አበባ ያላት ተክል አለች። በባህል ለስኳር በሽታ ትጠጣ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለስኳር ትጠቅም እንደሆነ ሲመረምሩ ስኳሩን ትተው ሌላ ነገር አዩ፤ የእንስሳቱ ነጭ የደም ሕዋስ ወረደ። ነጭ የደም ሕዋስ የሚያወርድ ነገር የደም ካንሰርን ያወርድ ይሆናል ብለው ቀጠሉ። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት የወጣው ከዚያች ተክል ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደም ካንሰር ከያዛቸው 10 ሕፃናት ምናልባት አንዱ ቢተርፍ ነው፤ ዛሬ በበለጸጉት አገሮች 9ኙ ያህል ይድናሉ። ቪንክሪስቲን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሆኖ ያንን ካመጡት አንዱ ነው። ታክሶል የሚባለው፣ ለጡት ካንሰርም የሚሰጠው፣ መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጥ ነው። ስለዚህ ኬሞና ዕፅዋትን እንደ ጠላት አታስቀምጧቸው። አጎቷ «ሰውን ይገድላል» ካሉት ኬሞ ውስጥ ከቅጠልና ከልጥ የመጣ አለበት።

ልዩነቱ ልኩ ነው። ቪንክሪስቲን በደም ሥር በትክክለኛ መጠን ሲሰጥ ሕፃን ያድናል፤ በስሕተት ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ከተሰጠ ይገድላል። ይህን ያወቅነው በምርምር ነው። ጥቁር አዝሙድ በብርጭቆ ውስጥ ሕዋስ ገደለ ማለት በሰው ደም ውስጥ ይገድላል ማለት አይደለም፤ ያን ያህል መጠን ወደ እብጠቱ ይደርሳል ወይ፣ ጤነኛውን ሕዋስስ ምን ያደርጋል የሚለው ገና ጥያቄ ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም» ለሚሉም አንድ ነገር ላንሳ። ካሮት የሚበላ ሰው ሳንባው ካንሰር አይዘውም ተብሎ ይታመን ነበር። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ ለሆኑ አጫሾች ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በኪኒን እየሰጡ ከማይወስዱት ጋር አነጻጸሩ። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ኪኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ከመቶ 18 ጨምሮ ተገኘ። ካሮት ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ካሮቷን ብሉ። ከምግብ ነጥለን አጠንክረን ስንወስደው ግን ምን እንደሚሆን በሰው ላይ ሳይፈተሽ ማወቅ አይቻልም።

እናት ነኝ ከአዘዞ፦
እህቴ ከሞተች በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። የእሷ የማሕፀን በር ነበር። ደም ሲፈሳት የወር አበባ መዛባት ነው እያለች ዝም አለች፤ ዝም ያለችው ደግሞ ሰው «ምን ስትሠራ አመጣችው» እንዳይላት ፈርታ ነው። በኋላ ሲገባኝ ይህ ካንሰር የሚመጣው ሁሉም ማለት ይቻላል በቫይረስ ነው፤ ኤችፒቪ ይባላል። ባሏን ብቻ ያወቀች ሴትም ይይዛታል። ጨዋነቷ አያድናትም፤ ጎመን መብላቷም አያድናትም።

ይህን ያገኙት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ክትባቱም ከዚያ ምርምር ነው የመጣው። እንግሊዝ አገር በ12 እና 13 ዓመታቸው የተከተቡት ልጆች ሲያድጉ ይህ ካንሰር ካልተከተቡት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 87 ቀንሶ ተገኘ። እኛም አገር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ቤት ይሰጣል። የኔ ልጅ ክፍል ግን «መኻን ያደርጋል» ተብሎ ልጆቻቸውን ያን ቀን ያስቀሩ ወላጆች ነበሩ። እባካችሁ አታስቀሩ። ለእኛ ለእናቶች ደግሞ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን፣ ጤና ጣቢያ ላይ በኮምጣጤ አሲድ ቀብተው የሚያዩት ምርመራ አለ። ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ነጭ ነገር ከታየ በብዙ ቦታ እዚያው ያክሙታል፤ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ማለት ነው። እህቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ልጆቿን ዛሬ እኔ አላሳድግም ነበር።

ጤናዳም፣ መከላከል ይቅደም ትላለህ። እኔም እላለሁ። ግን ከመከላከያዎቹ ሁሉ የበረታው ይኸው ከምርምር የወጣ መርፌ ነው።

የደምቢያው፦
እሷ ባለችው ላይ፦ ለጉበት ካንሰርም እንዲሁ ነው። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወጉት ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ አለበት፤ ያን ቫይረስ መከላከል የጉበት ካንሰርን መከላከል ነው። እኛ ገበሬዎች ልናደርገው የምንችለው ደግሞ በቆሎውን፣ ለውዙንና በርበሬውን በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ ነው። እርጥበት የነካው እህል ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ብትቀቅለውም በቀላሉ አይጠፋም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ያንን ሲበላ አደጋው ይባዛል። የሻገተውን «ለዶሮ ይሁን» ብሎ መስጠትም ልክ አይደለም።

ከመተማ የመጣሁ፦
ምርምር የፈረንጅ ንግድ ነው ለምትሉ አንድ ነገር ልናገር። ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዶ ካላዛር ይዞት የተመለሰ ሰው ጎንደር ውስጥ ያላየ የለም። ሆዱ ያብጣል፣ ይከሳል፣ ትኩሳቱ አይለቀውም። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይሞታል። ማር ቢበላ፣ ወተት ቢጠጣ አይተርፍም። ቀድሞ 30 ቀን ይወጋ የነበረው መርፌ በሁለት መድኃኒት ጥምረት ወደ 17 ቀን ያጠረው በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በተደረገ ሙከራ ነው፤ ከሙከራው ቦታዎች አንዷ ጎንደር ነበረች። የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ ዛሬም ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አለ። በዚያ ሙከራ እሺ ብለው የገቡት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የታመምነው በአጭር ቀን ድነን ወጣን። የምርምርን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ዲያቆን ነኝ፦
የቀሃዋ እህቴ፣ ማንም ጠበልና መድኃኒትን እንደ ተቀናቃኝ አድርጎ ቢነግርሽ አትቀበዪ። በኤችአይቪ ጊዜ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በግልጽ አስተምረዋል። ጾሙንም የንስሐ አባቷን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ መፍትሔ አለው። በኬሞ ሳምንታት ስለ መጠመቁና ስለ መጠጣቱ ሐኪሟን ጠይቂ፤ ሰውነቷ ሲደክም ብርዱም ውኃውም ሊጎዳት ይችላል።

ጤናዳም፦
ስለ ክትባቱ የጻፍሽው እናት፣ ነፍስ ይማር። ልቤን ነክተሽኛል።

እኔ አሁንም አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። ሰው አንዴ ከታመመ በኋላ አኗኗሩ ምንም ዋጋ የለውም ማለት ነው? አባቴ የአንጀት ካንሰር ታክሞ ሲወጣ «ሄደህ እንደ ልብህ ኑር» ነው ያሉት። ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴ አንድ ቃል የነገረው የለም። ሰው ወደ ቪዲዮው የሚሮጠው እኮ ሐኪም ቤት እነዚህን የሚያወራው ስላጣ ነው።

ነርስ ከማራኪ፦
ይህ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ለአንድ ታካሚ ያለን ደቂቃ ትንሽ ነው። ምግቡና እንቅስቃሴው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። መቅረት ግን የለበትም።

ጥያቄህ ደግሞ በትልቅ ሙከራ ተመልሷል፤ ያውም በአባትህ በሽታ። የአንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደርገው ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ወገን ስለ ጤናማ አኗኗር የሚናገር ጽሑፍ ሰጡ። ሁለተኛውን ወገን ለ3 ዓመት የሚከታተል አሠልጣኝ መደቡለት። ብዙዎቹ ያደረጉት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ በሳምንት 3 ወይም 4 ጊዜ ያህል። ውጤቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ8 ዓመት ላይ ከተንቀሳቀሱት 100 ሰዎች 90ዎቹ፣ ከሌሎቹ 83ቱ በሕይወት ነበሩ። የ7 ሰው ልዩነት ነው፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ያመጣ መድኃኒት ቢገኝ ጋዜጣ ሁሉ ይጽፍለት ነበር።

ሁለት ነገር ልብ በል። ሁሉም አስቀድመው ኦፕራሲዮንና ኬሞ አድርገዋል፤ እርምጃው የተጨመረው በዚያ ላይ ነው። ደግሞ ይህን ያወቅነው ሰዎች በዕጣ ተመድበው ለዓመታት ስለተከተሏቸው ነው። መራመድ እንደሚያድን በቪዲዮ የተናገረ ሰው ብዙ ነበር፤ ማን ልክ እንደሆነ የለየው ምርምሩ ነው። አባትህ አቅሙ ከፈቀደ ዛሬውኑ ይጀምር፤ ሐኪሙን ግን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጤናዳም፦
አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት አብሬው እወጣለሁ። ገንዘቡ ለመከላከል ይበልጥ መዋል አለበት የሚለው አቋሜ ግን እንዳለ ነው።

ነርስ ከማራኪ፦
በዚያ አንጣላም። እኔም ያ ቢሆን የአልጋዬ ቁጥር ይቀንስልኝ ነበር።

የቀሃ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለእናቴ አነበብኩላት። «ምንም አልበደልሽም» የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ። አጎቴን ሐኪሙ ዘንድ ይዤው ሄድኩ፤ የልቡን ሁሉ ጠየቀ፣ ሐኪሙም ሳይቆጣ መለሰለት። አሁንም ኬሞውን አልወደደውም፤ ግን «እኔው እወስዳታለሁ» ብሏል። ሰኞ ትጀምራለች። ወረቀቱ ላይ የሆርሞኑ ውጤት ገና አልመጣም። አሁን የምጠይቃችሁ፣ ምን ላብላት? ጥቁር አዝሙዱስ? ደግሞ እኔና እህቴ መመርመር አለብን?

ነርስ ከማራኪ፦
የሆርሞኑን ውጤት እየጠየቅሽ ተከታተዪ፤ የኋላው ሕክምና በእሱ ላይ ነው የሚወሰነው። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ሰኞ ይዛችሁ ኑ።

ምግቡ፦ ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ። ምስር፣ ሽሮ፣ የባቄላ ክክ፣ የበሰለ ጎመን፣ ጾም ካልሆነ ወይም የንስሐ አባቷ ከፈቀዱላት በደንብ የበሰለ እንቁላልና የተፈላ ወተት። አፏ ከቆሰለ በርበሬና ሚጥሚጣ ተዪላት፤ አጥሚትና የአጃ ሾርባ ይቀላታል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ፣ ያልታጠበ ሰላጣ አይሁን። ውኃው ይፈላ። ጥቁር አዝሙዱ ለጣዕም ወጥ ውስጥ ይግባ፤ ተወቅጦ በማንኪያ የሚወሰደው፣ በእንክብል የሚሸጠውና የሚጨመቀው ቅጠል ግን ኬሞው እስኪያልቅ ይቆይ። ከቤት የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሟ ንገሪ፤ ይቆጣናል ብላችሁ አትደብቁ።

የሙቀት መለኪያ ግዢ። ኬሞ ከወሰደች በኋላ ባሉት ሳምንታት 38 ከደረሰ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል አምጪያት። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ነጭ የደም ሕዋሷ በወረደበት ጊዜ የሚመጣ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ነው የሚገድለው።

በደኅናዋ ቀን ጠዋት ጠዋት ከቤት እስከ አቅሟ ትራመድ፤ አጎትሽን አብሯት እንዲሄድ አድርጊው።

እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ አዎ፣ ተመርመሩ። እናቷ የጡት ካንሰር የያዛት ሴት የራሷ አደጋ በግምት እጥፍ ነው፤ ይያዛታል ማለት ግን አይደለም። እናትሽ ሰኞ ስትመጣ አብራችኋት ኑና ሐኪሙ ዕድሜያችሁን አይቶ በስንት ጊዜ መታየት እንዳለባችሁ ይንገራችሁ። 30 ከሞላችሁ የማሕፀን በሩንም ምርመራ በዚያው አድርጉ፤ ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ከሰጠ እዚያው ይበቃል።